የቺካጎ መምህራን ማኅበር ለአባላቱ ምን ይሰጣል?

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ብዙ ሰው የመምህራን ማኅበር ሲባል ደሞዝ ማስጨመሪያ ብቻ ይመስለዋል። የቺካጎው ግን አባላቱን ለማኅበራዊ ፍትሕ ያነሳሳል፤ እኔ የወደድኩለትም ይሄንን ነው።

ነገሩ የተቀየረው በፈረንጆቹ 2010፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ካረን ሉዊስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ነው። በ2013 ከተማው ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ውስጥ ነበሩ። ማኅበሩ ደግሞ አባላቱን በክረምት እያሠለጠነ፣ ቤት ለቤት ዞረው ከነዋሪው ጋር ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ሰፈሩም እንዲነጋገሩ አደረገ። ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው! አስተማሪ የተማሪውን ሰፈር ካላየ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያንቀላፋ ከየት ያውቃል?

በ2019 መምህራኑ ለ11 የትምህርት ቀናት ሥራ ሲያቆሙ ደሞዝ ብቻ አልጠየቁም። በየትምህርት ቤቱ ነርስና ሶሻል ወርከር (ችግር ያለበትን ተማሪና ቤተሰቡን የሚደግፍ ባለሙያ) ይኑር፣ ቤት ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሆን ሠራተኛ ይመደብ፣ አልቀመስ ያለው የቤት ኪራይም መላ ይበጅለት አሉ። የኪራዩን ጉዳይ ከትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ጋር በተፈራረሙት የሥራ ውል ውስጥ ማስገባት አልቻሉም። ነርሱና ሶሻል ወርከሩ ግን ቀስ በቀስ እንዲሟሉ ውሉ ውስጥ ሰፈረ።

አንዷን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ሥራ በቆመባቸው ቀናት በሰዓት የሚከፈለው ወላጅ ልጁን የት ያድርገው? ያ ቀላል ጉዳት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች አጥብቀው የጠየቁት የጠዋት የዝግጅት ጊዜም ሳይገኝ ቀረ፤ ለልጆቹ የሚሟገት አስተማሪ እኮ እሱም ትንፋሽ መውሰጃ ያስፈልገዋል።

ማኅበራችሁን ለማጠናከር የምታስቡ መምህራን፣ ከክረምቱ ሥልጠና ጀምሩ።