«የማገገሚያ መርፌ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ

እናንተየ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ሌላ ቦታ ዊዝደም የሚሉትን የመጨረሻ መንጋጋ ልታስወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

የእኔ የታችኛው ነው፤ ድድ ውስጥ ተጋድሞ የበቀለ። ድዱ ተቀዶ፣ አጥንቱ ተሞርዶ ወጣ። የሐኪሙ እጅ ጥሩ ነው፣ በዚህ አላማውም። ጉዱ የመጣው ሒሳብ ስከፍል ነው። «የማገገሚያ መርፌ አለን፣ በቀን አንድ፣ ለአምስት ቀን፣ እብጠት የሚባል አታይም» አሉኝ። 2,500 ብር። ስሙ ማን ነው ስል «ልዩ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ»። አብዛኛው መድኃኒትስ ከየት ነው የሚመጣው? ግን ከንፈሬ ደንዝዞ፣ ጥጥ ነክሼ ምን ልከራከር፣ ከፈልኩ። ደረሰኝም የለ።

ከአማኑኤል ከተማ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ተወጋሁ። ፊቴ ግን ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ልጅ ማበጡ አልቀረም። ሌሊት ዓይኔ ፈጦ ያድራል። ጾም ስለነበር እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዴን ነኝ፣ በዚያው ላይ ለሕመሙ ያዘዙልኝን ዲክሎፌናክ ስውጥ ጨጓራዬ እሳት ሆነ። የቆየ የጨጓራ ሕመም አለብኝ፤ ማን ጠይቆኝ!

በአራተኛው ቀን ነርሷ አንገቱን ሰብራ ትሪው ላይ ያስቀመጠችውን ብልቃጥ አንስቼ አነበብኩት። ዴክሳሜታዞን፣ 4 ሚሊ ግራም። በየፋርማሲው ያለ ርካሽ ስቴሮይድ፣ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት! ፋርማሲ የሚሠራ ጎረቤታችን ዋጋውን ሲነግረኝ ያመመኝ ከጥርሱ ይብሳል።

መርፌው ራሱ ውሸት አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም ወዲያው በኋላ አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ግራም ሲሰጥ እብጠቱን ይቀንሳል፣ አፍም ቶሎ ይከፈታል። ውጤቱ አንድ ቀን ተኩል፣ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። እብጠቱ ደግሞ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከዚያ ያለ መርፌም በራሱ ይጎድላል። ስለዚህ አራተኛውና አምስተኛው የተሸጡልኝ ሊጎድል የጀመረውን እብጠት «እኛ አጎደልነው» ለማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ደግሞ ጀርም አይገድልም። እንዲያውም ቁስሉ ቢያመረቅዝ ትኩሳቱን ሊሸፍነው ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ጨጓራ ያለበት እንደ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ካለ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲደርበው ሊደማ ይችላል፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ስኳር፣ ጨጓራ፣ ቲቢ ካለባችሁ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ። ስሙን፣ መጠኑንና ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ በወረቀት አስጽፉ፣ ብሩን የምታወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።

አምስተኛዋን አልተወጋሁም። የእሷን ብር መልሱልኝ ስላቸው «ለሌላ ጊዜ ትያዝልህ» አሉኝ። ገና ሦስት ዊዝደም እንደቀረኝ በራጅ አይተዋላ!