የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ጥለቱ ላልተሰነጠቀው ኬክ ምስጋና

ጥር ላይ ኮምቦልቻ ለነበረው ሰርግ ባለሦስት ደርብ ኬክ የሠራችውን የደሴዋን እህታችንን በአደባባይ ልናመሰግን እንወዳለን። እኛም ከዚሁ ሙያ ነንና የምናመሰግናት ምን ያህል እንደደከመች ስለገባን ነው።

የመካከለኛው ደርብ ዙሪያውን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነበር። በእጅ፣ በ1 ቁጥር አፍ (በጣም ቀጭኗ የመጭመቂያ ጫፍ)፣ በሮያል አይሲንግ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር የስኳር ቅብ የተሳለ። ለአንድ የእንቁላል ነጭ 200 ግራም ገደማ የዱቄት ስኳርና ጥቂት የሎሚ ጠብታ ነው፤ ሲነገር ቀላል ነው። ስኳሩ በደቃቅ ወንፊት ካልተነፋ አንዲት ፍሬ አፉን ትደፍንና መስመሩ ይበጠሳል። መምቻው ሳህን ላይ ቅባት ከቀረ ነጩ አይነሳም። ከቀጠነ ይፈሳል፣ ከወፈረ እጅ ያንቀጠቅጣል። የጥለቱ መነሻና መድረሻ የት ላይ እንደተጋጠመ ፈልገን አጣነው!

የአደይ አበቦቹም የስኳር ናቸው። በ250 ግራም ፎንዳንት (ኬክ የሚለብሰው የስኳር ሊጥ) አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ (ሊጡን የሚያጠነክር ዱቄት) ታሻለች፤ ያለሱ ቅጠሉ ሳስቶ አይቆምም። ሽቦውን በቀጥታ ኬኩ ላይ አትሰካም፣ በስትሮ ከታ ነው። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የሚበላ ነገር ውስጥ ግን ሽቦ መግባት የለበትም።

ውስጡም እንደ ላዩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የቆላ አሠራር እንዳለ ከተወሰደ ጋዙ ቶሎ ይሰፋና ኬኩ ሳይጸና አብጦ መሃሉ ይሰምጣል። እሷ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ግማሽ ታወርዳለች፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ትቀንሳለች፣ ወተት ትጨምራለች፣ ምድጃውን 10 ዲግሪ ከፍ ታደርጋለች።

ከዚያ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ደርቦቹን ለየብቻ በካርቶን አስጭና ኮምቦልቻ ላይ ነው የደረበቻቸው። የላይኛውን ክብደት የሚሸከሙት ታችኛው ውስጥ የተተከሉት ወፍራም ስትሮዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን በጥቂት ሚሊሜትር ከበለጠ ኬኩ ይዘማል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ከፍሪጅ የወጣ ፎንዳንት ያልበዋል። ካርቶኑን ሳትከፍት ሙቀቱ እስኪስተካከል ጠበቀች፤ ላብ ያለበትን ፎንዳንት የነካ ጣት አሻራውን ጥሎ ይሄዳል።

የተመታ ክሬም ፎንዳንት ስር እንድታደርግ አትጠይቋት፣ እርጥበቱ ፎንዳንቱን ስለሚያሟሟው እምቢ ትላለች፤ ልክም ናት። በገበታ ቅቤ ክሬም ትሠራለች። ለኒካህና ለዒድ የምታዙ፣ ፎንዳንቱ ውስጥ ያለው ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማያያዣ) ከምን እንደተሠራ ማሸጊያውን አውጥታ ታሳያችኋለች። ለጾም ደግሞ ጄላቲን የሌለበት ፎንዳንት ትጠቀማለች፤ በእንቁላል ነጭ ፋንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ አወፍራ ትመታለች፣ አይሲንጉም ይይዛል።

አበባ ያለበት ኬክ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ቅጠሎቹ መድረቅ አለባቸው። የድግሱን ቦታ፣ ኬኩ ጥላ ውስጥ ይሁን ፀሐይ ላይ፣ የሚቆረስበትን ሰዓትም ንገሯት። ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እንሰጣለን።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ።