መኪና ግርግር ያሠራኋቸው አርማዎች፣ ቁልፎችና ባጆች

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው፣ የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ባወጣለት የሐረሩ መኪና ግርግር መንገድ ላይ፣ በጨርቅ ሻጮች መካከል ሁለት ደንበኛ በአንድ ጊዜ የማታስገባ ጠባብ ሱቅ አለች። ታፔላ የላትም፤ የምትለየው በመዝጊያዋ ላይ በተወጠረው ጥቁር ጨርቅ፣ በላዩም በተሰፉት የጥልፍ አርማዎችና በተሰኩት ባጆች ነው። ባለፉት አምስት ወራት ከድሬዳዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ 6 አርማ፣ 14 በጨርቅ የተለበጠ ቁልፍና 40 ባጅ አሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሁሉንም ለብሼና አልብሼ፣ የሚታጠበውንም ደጋግሜ አጥቤ ካየሁ በኋላ ነው።

ወደዚህች ሱቅ የወሰደኝ ያለፈው ዓመት ገጠመኜ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለተፈጥሮ ክበብ ልጆች ባጅ በአንድ ማተሚያ ቤት አሠርቼ ነበር፤ ፊቱ ሲታይ እጅግ ያምር ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ልጅን ከጠዋት ጀምሮ ያልበዋልና፣ ወር ሳይሞላ ላቡ በጠርዙ ገብቶ ሥዕሉን አደበዘዘው፤ የጀርባው መርፌም ዛገ። አንዲት እናት የልጃቸውን ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዝ ይዘው መጥተው፣ ኪሱ ላይ የቀረውን ቡናማ ነጥብ እያሳዩኝ «ቲቸር፣ ይኼ ዝገት በምን ይለቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ላይ የሚሰካም ሆነ የሚሰፋ ነገር ስገዛ አስቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው።

የሱቁ ባለሙያ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ልብስ ሰፊ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ አርማ ገልብጠው ሰጡኝ። «ጋሼ፣ ተገልብጧል» ስላቸው፣ «አውቄ ነው ልጄ፤ መጀመሪያ ይኼኛውን እዪ» አሉኝ። ጀርባው ላይ የተንጠለጠለ ክር አልነበረም፤ ቀለም ከቀለም የተሻገረበት ቦታ ሁሉ ክሩ ተቆርጦ ጫፉ ከስፌቱ ሥር ገብቷል። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ጀርባ ላይ ረዝሞ የተተወ ክር ልብሱ ሲወልቅና ሲጠለቅ በጣት ወይም በሰዓት ይያዛል፣ ሲጎተትም የፊቱን ጥልፍ ይሸበሽበዋል።

አርማ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። መኪናቸው በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው፤ ሥዕል የሚስል ኮምፒውተር የለውም። ከመኪናው ላይ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ያወልቃሉ፣ ጨርቁን ወደ ኋላ የሚጎትቱትን ጥርሶችም ከሥራ ውጭ ያደርጓቸዋል። ከዚያ በኋላ መርፌው ባለበት ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ከመውጋት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ መስመሩን የሚያወጡት በእንጨት ክብ የተወጠረውን ጨርቅ በሁለት እጃቸው እያንቀሳቀሱ ነው። እግራቸው ከፈጠነና እጃቸው ከዘገየ ክሩ በአንድ ቦታ ይከመራል፤ እጃቸው ከቀደመ ደግሞ ስፌቱ ይሳሳል። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እግራቸውና እጃቸው ሲለያዩ አላየሁም።

ካሠራኋቸው አርማዎች ሦስቱ ክብ ናቸው፤ ንድፋቸው በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት ስፌቶች የተወሰደ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው ያሳዩት ብልሃት ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። የሣር ስፌት የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ እየዞረ ወደ ውጭ ይሰፋል። እሳቸውም አርማውን በዚያው ሥርዓት ከመሃል ጀምረው እያዞሩ ሠሩት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሃል ቢገባ ክሩ ጨርቁን እየሰበሰበ ሄዶ መሃሉን እንደ ሳህን እንደሚያሳብጠው አስረዱኝ። የተቀሩት ሦስቱ አሮጌዋን ሐረር የከበበው የጁገል ግንብ በሮች ናቸው፦ ቡዳ በር፣ ፈላና በርና ሸዋ በር። የግንቡን ድንጋይ ለማሳየት ግራጫ ክር ብቻ አልተጠቀሙም፤ ቡናማና ነጭ ጣል ጣል ስላደረጉበት ከሁለት ሜትር ርቀት ሲታይ በእርግጥ ድንጋይ ይመስላል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ምስሉ የማይታተምበት ዕቃ የለም፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ ግን እኔ አላገኘሁም።

አንዱን ክብ አርማ የጅንስ ጃኬቴ ክርን በተቀደደበት ላይ፣ ቡዳ በርን ደግሞ በደረት ኪሱ ላይ አሰፋሁ። ጃኬቱ እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ታጥቧል። ጠርዙን የከበበው ስፌት ክር ከክር ተጠጋግቶ፣ የጨርቁን ዳር ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ የተሠራ በመሆኑ አንድም ቦታ አልተተረተረም። ቅር ያሰኘኝ ቀዩ ክር ነው። በሁለተኛው እጥበት ጥቂት ቀለም ለቆ አጠገቡ ያለውን ነጭ ሮዝ አደረገው። ክሩ ጥጥ እንደነበር ባለሙያው ራሳቸው አምነው፣ ለቀጣዮቹ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ የፖሊስተር ክር ተጠቀሙ። ቀይ ያለበትን አርማ የሚያሠራ ሰው፣ ልብሱ ላይ ከማሰፋቱ በፊት ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ ቢያየው ይበጀዋል።

ቁልፎቹን ያሠራሁት ከእናቴ አሮጌ የከፋይ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ብብቱ ላይ አልቋል፤ የታችኛው ዘርፍ ግን ገና ጤነኛ ነበር። የሚለበጠው ቁልፍ ሁለት ክፍል አለው፦ ጨርቁ የሚለብሰው ጉብ ያለ የቆርቆሮ ፊትና የጨርቁን ዳር ወደ ውስጥ ነክሶ የሚይዝ ጀርባ። ከፋይ ወፍራም ስለሆነ ጀርባው በደንብ አይገጥምም የሚል ስጋት ነበረኝ። ባለሙያው በዳሩ በኩል የከፋዩን ጠጉር በምላጭ ላጭተው አሳሱትና ገጠመ። ደግሞም 14ቱን ሁሉ ሲቆርጡ የጠጉሩን አቅጣጫ ጠብቀዋል፤ ይህ ባይደረግ ኖሮ አንዱ ቁልፍ ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ብሎ በታየ ነበር። እናቴ ሹራቧ ላይ ተተክለው ስታያቸው አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። ስለ ቁልፎቹ የማነሣው ነቀፋ የለኝም።

ስለ ባጆቹ እንዲህ በሙሉ ልብ መናገር አልችልም። የባጅ አሠራር በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም፤ ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1896 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ወረቀት በቀጭን ግልጽ ሽፋን ተጋርዶ በቆርቆሮ ላይ ይታጠፋል፣ ከኋላም መርፌ ይገባለታል። በሱቁ ያለው በእጅ የሚጫን መኪና 44 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባጅ ያወጣል። ወረቀቱ ከባጁ ፊት በየአቅጣጫው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ መቆረጥ አለበት፤ የሚተርፈው ታጥፎ በጀርባው ቆርቆሮ ውስጥ የሚነከሰው ነው። ወረቀቱን በመቀስ ስለሚቆርጡት ከ40ዎቹ አምስቱ ጽሑፋቸው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ወጣ። ያለ ክርክር ቀየሩልኝ፤ ያም ሆኖ የክብ መቁረጫ ቢገዙ ድካሙ ሁሉ በቀረ። የባጁን ሥዕል የሚያሳትሙት ከሱቁ ውጭ ነውና፣ የሌዘር ማተሚያ መሆኑን ደንበኛው ራሱ ማረጋገጥ አለበት። የሌዘር ቀለም በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚቀልጥ ዱቄት ስለሆነ ላብ ቢነካው አይለቅም፤ አብዛኛው የኢንክጄት ቀለም ግን ውኃ ሲነካው ይፈስሳል። ልጆቹ የእኔን ባጆች ሦስት ወር አድርገዋቸዋል፣ ሥዕሉ እንዳለ ነው። መርፌው ግን በሁለቱ ላይ መዛግ ጀምሯል። ስለዚህ ማታ ማታ ከሸሚዝ ላይ እንዲያወልቁት አዝዣቸዋለሁ።

ለነጠላ ለባሾች ባጅን አልመክርም። ድሩ ስስ ስለሆነ መርፌው ቀዳዳ ትቶ ይወጣል፣ ክብደቱም ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል። በነጠላ ላይ የግድ መሰካት ካለበት፣ ከኋላ አንዲት ቁራጭ ጅንስ ወይም ቆዳ አድርጎ መርፌውን በሁለቱ ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል። አርማውም ቢሆን ቦታው ጅንስ፣ ካኪ ወይም የሸራ ቦርሳ ነው።

ለአንድ አርማ 250 ብር፣ ለቁልፍ 20 ብር፣ ለባጅ 45 ብር ከፍያለሁ። የአርማው ዋጋ የአንድ ሰዓት ተኩል የእጅ ሥራ መሆኑን ላየ ሰው ርካሽ ነው፤ ባጁ ግን ትንሽ ይወደዳል። ቀጠሮ ላይ ጠንካራ አይደሉም፤ «ማክሰኞ፣ ኢንሻአላህ» ያሉኝ ሥራ ሐሙስ ነው የደረሰው፣ ለእኔም ከድሬዳዋ በደንገጎ አቀበት ሁለት ጊዜ መመላለስ ማለት ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስልክ ይደውል።

ከአምስቱ የጁገል በሮች የቀሩኝ ኤረር በርና ሰንጋ በር ናቸው። ለሁለቱም ቀብድ ከፍያለሁ፤ ክሩ ፖሊስተር እንዲሆንም ነግሬያቸዋለሁ።