ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ያሰራሁበት ሱቅ፣ ከዓመት በኋላ በድጋሚ

አምና እዚህ ሱቅ የፋሲካ ቀሚስ አሰርቼ በጣም ነበር የተናደድኩት፣ የእጅ ፈትል ነው ተብዬ የከፈልኩበት የፋብሪካ ክር ሆኖ ተገኘ፣ ጥለቱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው እጥበት ቀለም ለቆ ነጩን ሮዝ አደረገው። ልጠይቅ ስሄድ "በሙቅ ውሃ አጥበሽው ነው" ተባልኩ።

ዘንድሮ በዐቢይ ፆም ባለሱቁ ራሱ ቁጥሬን ከደረሰኙ ላይ ፈልጎ ደወለልኝ። "እህቴ፣ በድዬሻለሁ፣ የእጅ ፈትል እንዳልሆነ አውቅ ነበር" አለኝ። ንስሐ ሲገባ የንስሐ አባቱ ፆምና ስግደት ብቻ አይደለም ያዘዙት፣ የወሰድከውን መልስ ብለውታል። ሄድኩ፣ 6000 ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ነጠላም ጨመረልኝ፣ ከዛ ሰራተኞቹ ፊት "ጥፋቱ የውሃው አይደለም የኔ ነው" አለ፣ ከብሩ በላይ ውስጤን የነካችው ይቺ ናት።

ዘኬዎስ ትዝ አለኝ፣ ሉቃስ 19 ላይ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ዘኬዎስ ስርየትን በብር አልገዛም እኮ፣ ጌታ ቀድሞ ቤቱ ገብቶለት ነው፣ ቤዛችንም በመስቀል ላይ ተከፍሏል፣ ግን ይቅር የተባለ ሰው የሰው ገንዘብ ኪሱ ይዞ እንዴት ይተኛል?

ባለሱቁ አሁን ሁለቱንም ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያሳያል፣ የእጁ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ወጥ ነው፣ ዋጋቸውም ለየብቻ ተጽፏል። ቀጠሮ ላይ ግን አሁንም ይዘገያሉ፣ ለበዓል ከሆነ ከወር በፊት እዘዙ። እኔ የእናቴን እዛው አዝዣለሁ።