ጌሚንግ ፒሲ፦ ራሴ የገጣጠምኩትና ከሱቅ የተገዛው፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ በአነስተኛ በጀት ጌሚንግ ፒሲ የሚፈልግ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ዕቃውን ለቃቅሜ ልገጣጥም ወይስ ያለቀለትን ልግዛ? እኔ ገጣጠምኩ። የአጎቴ ልጅ በዚያው ሰሞን፣ በተቀራራቢ ዋጋ፣ የተገጣጠመ ገዛ። ሁለቱም ማሽኖች በጋውንም ክረምቱንም አይተዋል፤ የሁለቱንም ኬዝ ከፍቼ አቧራቸውን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ያየሁትን ነው።

የእኔው ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ 8 ጊጋ ያለው አር ኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለሁሉም ዕቃ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) አለው። የእሱ ኮር አይ5 10400ኤፍ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ፕሮሰሰሮቹ ሁለቱም 6 ኮር 12 ትሬድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲታይ ብዙም አይራራቁም።

መገጣጠም ይረክሳል የሚባለው ነገር እኛ ጋ ብዙም አይሠራም። ሱቆቹ ዕቃ በብዛት ያስመጣሉ፤ አንተ ግን አንዱን ከመገናኛ፣ ሌላውን ከቦሌ፣ እያንዳንዱን በችርቻሮ ዋጋ ነው የምትገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ራይዘን 5600 ሲወጣ የተለጠፈበት ዋጋ 199 ዶላር፣ የአር ኤክስ 6600 ደግሞ 329 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ብናሰላ ሁለቱ ብቻ በፊት 30 ሺህ ብር ገደማ፣ ከዚያ በኋላ ከ52 ሺህ በላይ ማለት ነው። እኔን የጠቀመኝ ካርዱን አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መምጣቷ ነው። ለዋጋው ጥሩ ነው፤ ካርዱ ቢበላሽ ግን ዋስትናው ያለው አሜሪካ ነው።

ስለዚህ በገንዘብ ያን ያህል አላተረፍኩም። ያተረፍኩት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የታየው ከሱቅ የተገዛው ማሽን ጨዋታ ሲከብድበት በራሱ እየጠፋ መነሳት ሲጀምር ነው። ሱቁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖ መለሰለት። ሁለት ቀን ሠርቶ ያው ሆነ። ኬዙን ከፈትኩና ፓወር ሰፕላዩን አወጣሁት፤ እጅ ላይ ሲያዝ ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፏል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሠንጠረዥ ግን ካርዱና ፕሮሰሰሩ ኃይል በሚስቡበት በ12 ቮልት መስመር 18 አምፔር ትላለች። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ካርዱ ብቻውን 125 ዋት ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ 65፤ ለማዘርቦርዱ፣ ለፋኖቹና ለዲስኩ የተረፈው 26 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩን ደህና በሆነ ቀየርነው፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ በራሱ ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ሱቅ ወጪ መቀነስ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚቀንሰው ገዢው ከማይጠይቀው ነገር ላይ ነው። ካርዱን ሁሉም ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩንም እንደዚያው። ፓወር ሰፕላዩን የሚጠይቅ ግን የለም። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ዱላውን ሁሉ የሚቀበለው ይኸው ዕቃ ነው። የእኔው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ስለሆነ መብራቱ ሲደክምም ሥራውን አያቋርጥም። እንዲያም ሆኖ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ሳልጠብቅ አልሰካውም። ከአሜሪካ የተገጣጠመ ማሽን የሚያስመጡ ሰዎችም ከኋላው 115 እና 230 የሚል የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለ፣ 230 ላይ መሆኑን ሳያዩ እንዳይሰኩት። በ115 እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ልዩነት ራሙ ነው። የአጎቴ ልጅ ማዘርቦርድ ሁለት ስሎት አለው፤ አንዱ ባዶ ነበር። አንድ ራም ብቻ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር ከሚያገናኙት ሁለት መንገዶች አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ጭስ ሲወረወር ምስሉ ይቆራረጥበት ነበር፤ ባለ 16ውን በሁለት ባለ 8 ስንለውጠው መቆራረጡ በግልጽ ቀነሰ። ራስህ ስትገጣጥምም ራሙ መጀመሪያ የሚነሳው በዝቅተኛ ፍጥነት መሆኑን አትርሳ፤ ባለ 3200 ገዝተህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ፍጥነት ሴቲንግ ካላበራህ በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ይከርማል።

መገጣጠሙ ራሱ አያስፈራም፤ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። መታወቅ ያለበት 5600 ያለ ግራፊክስ ካርድ በራሱ ምስል የማያወጣ መሆኑ ነው። ካርዱ እስኪመጣ በማሽኑ እየሠራሁ ልቆይ የሚል ሰው በራሱ ምስል የሚያወጣውን 5600ጂ ይግዛ።

ሙቀቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የሚወስደው በትንሹ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ፋን ረጅም ጨዋታ ላይ 80 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል፤ ጣሪያው 90 ስለሆነ ችግር የለውም፣ ድምፁ ግን ይሰማል። የእኔ ኬዝ ፊቱ ወንፊት ነው። የእሱ ፊቱ ድፍን መስታወት ነው፣ ያምራል፣ አየር ግን በጎን ስንጥቅ ብቻ ስለሚገባው ካርዱ ከእኔው የበለጠ ይሞቃል። በበጋ አቧራ በየወሩ መከፈት አለባቸው፤ ይሄ ሁለቱንም እኩል ይመለከታል።

ጨዋታ ላይ በ1080ፒ የእኔው ጂቲኤ 5ንና ኢኤ ኤፍሲን ያለ ምንም ጭንቀት ያጫውታል። ሳይበርፐንክ 2077ን የመሰሉ ከባዶች መካከለኛ ሴቲንግ ይፈልጋሉ። የ1660 ሱፐሩ 6 ጊጋ ሜሞሪ አዳዲስ ጨዋታዎች ላይ መጥበብ ጀምሯል።

ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን መልሴ ትንሽ ይለያል። ከ2025 ማብቂያ ጀምሮ አምራቾች ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ቅድሚያ ስለሰጡ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። ስለዚህ ራም ያለበት ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር በጣም ለጠበበ በጀት የተሻለ መንገድ ሆኗል። ኮር አይ5 8500 (8ኛ ትውልድ) ያለው ባለ ሙሉ ቁመት ኬዝ ፈልጉ፤ ቀጭኑ ስሊም ኬዝ ቁመቱ ዝቅ ያለ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ካርዱ ደግሞ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ይሁን፤ 70 ዋት ይበቃዋል። 6ኛና 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸውን ጌሚንግ ብለው ቢያቀርቡላችሁ እለፏቸው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ቫሎራንት የሚጫወት ሰው በዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የማሽኑ የደህንነት ሴቲንጎች ካልበሩ አይገባለትም።

የተገጣጠመ ለመግዛት የወሰነ ሰው ሱቁ ውስጥ የኬዙን ጎን አስከፍቶ የራሞቹን ቁጥርና የፓወር ሰፕላዩን የ12 ቮልት መስመር ያንብብ፤ ከዚያ ከባድ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት እዚያው አስጫውቶ ይክፈል። «ሞክረን ነው የምናስረክበው» የሚል ሻጭ በደስታ ይከፍትላችኋል፤ አይከፈትም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።