ስኳር፣ ጨው፣ የቡና አተላ ወይስ አጃ? ቤት ውስጥ የሚቀላቀሉ የፎረፎር ስክራቦች ሲነጻጸሩ

ደሴ ላይ ሹራብ ከትከሻ አይወርድም። ሹራቡ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ፎረፎር ያለበት ሰው ጉዱ ነው። እኔ ለዓመታት ግራጫ ብቻ ስገዛ የኖርኩት ለምን እንደሆነ የሚያውቀው የቤቴ ሰው ብቻ ነው።

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች። እሷም እንደኔ ራሷን ስታክ ትውላለች። በመሃላችን ያለው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከወረዱ በኋላ ግን አየሩ ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። እኔን የሚያስቸግረኝ ብርድና ድርቀት ነው፣ እሷን ላብና ወዝ። ባለፈው በጋ ሁለታችንም አራት ዓይነት ስክራብ (የራስ ቆዳ መፈተጊያ) እየቀላቀልን ሞከርን። በስኳር፣ በጨው፣ በቡና አተላና በአጃ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ሰጠነው፣ በሳምንት አንድ ቀን። ውጤታችን አልተመሳሰለም። ለዚህ ነው "ይሄኛው ይሻላል" ብሎ በደፈናው መናገር የማልወደው።

መጀመሪያ የሚረግፈውን እዩት

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ተመልከቱ። ደቃቅ፣ ነጭና እንደ ዱቄት የሚበተን ነው? ታጥባችሁ ስትወጡ ራሳችሁ ውጥር ይላል? እንግዲያው ድርቀት ነው። ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና በወዝ የተያያዘ ከሆነ ግን ዋናው ፎረፎር መጥቷል ማለት ነው። እሱ ከጆሮ ጀርባና ከቅንድብ ላይም ይወጣል።

የዋናው ፎረፎር መነሻ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። በሁላችንም ቆዳ ላይ አለ። ከራሳችን የሚወጣውን ወዝ ይበላል። በልቶ የሚተወው ነገር ደግሞ አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያስቆጣዋል። የተቆጣ ቆዳ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ አሮጌው እየተያያዘ ይረግፋል። ስክራብ የሚያነሳው ይህን የተላቀቀ ቅርፊት ነው። ፈንገሱን አይገድለውም።

ከፎረፎር ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። እፍ ሲሉት የማይበር፣ ፀጉሩ ላይ ሙጭጭ ያለ ነጭ ነገር ቅጫም ነው። ልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ ፀጉሩን እየመለጠ የሚቀረፈው ደግሞ ቆረቆር ነው። ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚድነው። እሱን መፈተግ ቆዳውን ከማቁሰል በቀር አይጠቅምም። ሐኪም ይየው፤ ማበጠሪያውንም ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ይተላለፋል።

ስኳርና ጨው

ሁለቱም ይሟሟሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ይሄ ነው። ከታጠቡ በኋላ ፀጉር ውስጥ ምንም አይቀርም። ሹሩባ የተሠራች ሴት ከአራቱ አንዱን መምረጥ ካለባት ከእነዚህ ከሁለቱ ትምረጥ።

ስኳር እንደተገዛ አይሆንም። የሱቁ ስኳር ቅንጣቱ ትልቅና ማዕዘናም ነው፤ ቆዳ ይቧጭራል። ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥ ወቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ውሃ ከነካው ደግሞ ገና ሥራውን ሳይጀምር ይቀልጣል። ስለዚህ በሻምፖ ወይም በማር ነው የሚለወሰው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ለሁለት ማንኪያ ሻምፖ ይበቃል። ለቆዳ ከጨው ይልቅ ገር ነው። እናቴ ግን ስታየኝ ጊዜ "ስንት ሰልፍ የቆምኩበትን ስኳር ራስሽ ላይ?" ብላ ሙቀጫውን ነጠቀችኝ። እውነቷን ነው። ከአራቱ ሻያችንን የሚሻማው እሱ ብቻ ነው።

እህቴ የወደደችው ጨውን ነው። ፋብሪካ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ፀጉሯ ሻሽ ውስጥ ነው። ማታ ስትፈታው ሥሩ በላብና በወዝ ተጣብቋል። ጨው ይሄንን ያነሳላታል፣ ራሷም ቀለል ይላታል። የምትጠቀመው ደቃቁን የገበታ ጨው ነው፤ አንድ ማንኪያ ለሁለት ማንኪያ ሻምፖ። ኮምቦልቻ የአፋር መንገድ መውጫ ስለሆነች ሻካራው ጨው አይጠፋም። እሱን ለወጥ ተዉት።

እኔ ጨው የሞከርኩ ቀን ግን ጮህኩ። ሌሊቱን በጥፍሬ ስቧጥጥ ያደርኩት ቦታ ሁሉ እንደ እሳት ነደደ። በማግስቱ ደግሞ ራሴ ከበፊቱ ይልቅ ውጥር አለ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ የኔ ራስ ደግሞ የሚሰጠው እርጥበት የለውም። ፀጉሩን ቀለም የተቀባ ወይም ያስተኮሰ ሰውም ቢተወው ይሻላል።

የቡና አተላ

ሁሉም ሰው የሚመክረው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ ነጻ ነው። ወሎ ቤት በቀን ስንቴ ቡና ይፈላል? በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ጀበናው ሥር የሚቀረው መደፋቱ አይቀርም። እኔም ጓጉቼ ለሳምንት ያህል አጠራቀምኩ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ እርጥብ አተላ ተከድኖ ሲቀመጥ ይሻግታል። የመጀመሪያውን ደፍቼ በፀሐይ የደረቀ ሌላ አዘጋጀሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ከሙቀጫው ይጀምራል። ቤት የሚወቀጥ ቡና እኩል አይልምም። መሃሉ ላይ ጠንካራ ስንጣሪ አለ። ስኳር ሲታሽ ጫፉ ይቀልጣል፣ ቡና ግን እንደሾለ ይቆያል። በወንፊት መንፋት ግድ ነው። እውነት ለመናገር ግን የሚያሳክክ ራስ ላይ ሲታሽ ከአራቱ በጣም ደስ የሚለው እሱ ነው።

መከራው የሚመጣው ሲታጠብ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ቡናን አለቅም ይላል። ስኳርና ጨው በሁለት ጆግ ውሃ ጠርተው ይሄዳሉ። ለቡናው ግማሽ ጀሪካን ጨርሼ እንኳ ሁለት ቀን ሙሉ ትራሴ ላይ ቡና ስለቅም ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዚያ ሹሩባ ልሠራ ሄድኩ። ሠሪዋ ፀጉሬን ከፈል አድርጋ አየችና "እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። ቡና ነው ብል ማን ያምነኛል!

ሽበትንም ወደ ቡናማ ይወስደዋል፤ ነጭ ነጠላና ፎጣም አይምርም። ፀጉሩን አጭር የተቆረጠ ወንድ ቢሞክረው ግን ችግር የለውም። ወንድሜ እስካሁን ይጠቀምበታል። "ካፌይኑ ፀጉር ያበቅላል" የሚለውን ወሬ ግን በሁለት ደቂቃ እሽት የማምንበት ነገር አይደለም።

አጃ

ለኔ ያሸነፈው አጃ ነው። ያውም ሳልጠብቀው። ለአራስ አጥሚት የሚሆን እህል ፎረፎር ላይ ምን ይሠራል ብዬ ነበር።

አጃ በእርግጥ ከአራቱ በጣም ደካማው ፈታጊ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ልሞ ውሃ ሲነካው ልጋግ ያወጣል፣ ይሄ ልጋግ ቆዳውን ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል። አቬናንትራማይድ የሚባሉ ማሳከክንና መቆጣትን የሚያበርዱ ነገሮችም አሉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የላመ አጃን ቆዳን ከጉዳት የሚከላከል ብሎ የተቀበለው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ደረቅና የተቆጣ ራስ ላይ ቅርፊቱን እያለሰለሰ ያነሳል እንጂ አይቧጭርም።

ስትገዙ ጠንቀቅ በሉ። ሰኞ ገበያም ሆነ እህል ተራ ስትሄዱ የተፈተገ አጃ ጠይቁ። ገለባው ያልለቀቀ አጃ ይወጋል፤ ቆዳ ልናሽ ብለን እንዳናቆስል። ለአጥሚት የተዘጋጀ ዱቄት ስትገዙም ቅመም ያልገባበት መሆኑን አረጋግጡ። ሱፐርማርኬት ያለው የታሸገ አጃ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ግን ከገበያው ይበልጣል። እኔ ከገበያ ገዝቼ ቤት እፈጨዋለሁ።

መላሙን የምታውቁት እንዲህ ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አማስሉ። ውሃው ወተት ከመሰለ ደርሷል። ዱቄቱ ሥር ከተኛ እንደገና ፍጩት። ከዚያ ሦስት ማንኪያውን በለብ ያለ ውሃ እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ እርጎ አድርጋችሁ ለውሱት። አሥር ደቂቃ ራስ ላይ አቆይቶ ማሸት ነው። ሲታጠብ ከጨው ይልቅ ያስቸግራል፣ ከቡና ግን በብዙ ይሻላል። ለሹሩባ አይሆንም፤ ስፌቱ ውስጥ ይደርቃል።

እህቴ አጃውን አልወደደችውም። "ራሴ ላይ አጥሚት የተደፋ መሰለኝ" አለች። ወዛም ራስ ላይ ልጋግ ሲጨመርበት ምቾት አይሰጥም፣ አልፈርድባትም።

ከምን ጋር ይለወስ?

ከቅንጣቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ፎረፎሬን ባየች ቁጥር አንድ መድኃኒት ነው የምታውቀው።

"ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ ልጄ። ራስሽ ደርቆ ነው።"

"እማ፣ ስቀባው እኮ ይብሳል።"

"በቅቤ የሚብስበት የማን ራስ ነው!"

ቅቤ ለፀጉሩ ዘንግ ደግ ነው፣ አልክድም። ፎረፎር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ማላሴዚያን መመገብ ይሆናል። ፈንገሱ የሚኖረው በቅባት ነው፤ ቅቤ ውስጥም የወይራ ዘይት ውስጥም የሚበላው ቅባት አለ። ወይራውን "ተፈጥሯዊ" ብሎ ስኳር ውስጥ ጨምሮ ሌሊቱን አሳድሮ መታጠብ የሚባለው ምክር ለዚህ አይመቸኝም። ጥቁር አዝሙድም ቢሆን ዘይቱ ዘይት ነው። የጠነከረ ቅርፊት ማለስለስ ከፈለጋችሁ ከማዕድን ዘይት የተሠራው ቫዝሊን ይሻላል፣ ፈንገሱ አይበላውም።

ማር ግን ገንዘቡን ያወጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ፎረፎርና የወዝ ቦታ የቆዳ ቁጣ ያለባቸው 30 ሰዎች ማር በትንሽ ለብ ያለ ውሃ አቅጥነው፣ ቀን እየዘለሉ፣ ለ3 ሰዓት ራሳቸው ላይ አቆዩ። ማሳከኩና ቅርፊቱ በሳምንት ውስጥ ጠፋላቸው። እኔ ሦስት ሰዓት የለኝም። ሰላሳ ደቂቃ ከአጃው ጋር አቆየዋለሁ። ለማሩ ንጹሕ መሆን ተጨነቁ፤ በስኳር የተደባለቀ ማር ውድ ስኳር ነው።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳን በሁለት ቃል ልለፋቸው፤ አታድርጉት። የራስ ቆዳ ለስለስ ያለ አሲድነት አለው፤ በፒኤች፣ ማለትም ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ በሚጨምርበት መለኪያ፣ ወደ 5.5 ነው። ሶዳው እስከ 9 ይጠጋል፤ ሎሚው በሌላው ጫፍ ወደ 2 ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ቆዳ ያቃጥላል።

ፋርማሲ ያለውስ?

ቢጫውና ወዛሙ ፎረፎር ያለበት ሰው በስክራብ ብቻ ቢደክም ትርፉ ድካም ነው። 2 ከመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ፈንገሱን ራሱን ያጠቃል። በሳምንት ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አረፋውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ያጥበውና "አልሠራልኝም" ይላል። ጠርሙሱ ከአንድ ኪሎ አጃ ይወደዳል፣ ግን የሚያስፈልገው ጊዜ አጭር ነው። ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበትም ይሠራል፤ ቀለም የተቀባ ፀጉር ላይ ግን መልክ ሊለውጥ ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ በጥፍር አይደለም፣ በጣት ሆድ ነው የሚታሸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ በሳምንት አንዴ። ቁስል ካለ ይቅር። ፀጉር ማለስለሻ ክሬም ልትቀቡ ከሆነ በዚያ ሳምንት ስክራብ አትንኩ፤ የታሸ ቆዳ ላይ ክሬሙ ያቃጥላል። ከታጠባችሁ በኋላ ደግሞ ፀጉሩ ሳይደርቅ ሻሽ ወይም ሂጃብ አትሰሩበት። ደሴ ላይ ብርዱ ያስቸኩላል፣ አውቃለሁ። እኔ ቅዳሜ ረፋድ ፀሐይ ስትወጣ ነው የምታጠበው።

አሁን የኔ መደርደሪያ ላይ ያለው አጃና ማር ነው። እህቴ የፋርማሲውን ሻምፖ ይዛለች፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጨው ትጨምርበታለች። የቡናውን አተላ እናቴ በር ላይ ላለው ጤና አዳም ሥር ትደፋዋለች።