ዶቪል ወይስ ትሩቪል? ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት

ሁለቱ የሰሜን ፈረንሳይ፣ የኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው። የሚለያቸው ቱክ የሚባል ወንዝ ብቻ ነው። ከፓሪስ ሴን ላዛር ጣቢያ የሚነሳው ባቡር በሁለት ሰዓት ግድም ያደርሳችኋል፤ መውረጃ ጣቢያውም የጋራቸው ነው። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ የት ታድራላችሁ የሚለው ነው። እኔ ትሩቪል እደሩ እላለሁ።

ዶቪል ከጅምሩ ለባለጸጋ ታስባ የተሠራች ናት። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን 3ኛ የእናት ልጅ የሆነው መስፍን ደ ሞርኒ ረግረጉ ላይ ቆረቆራት። የፈረስ እሽቅድምድሙም የመጣው ያኔ ነው። የፋሽን ባለሙያዋ ኮኮ ሻኔል በ1913 ሱቅ ከፍታባታለች። ዛሬም ታላላቅ ሆቴሎች፣ ካዚኖና ውድ ቡቲኮች ሞልተዋል። ባሕሩ ዳር በተዘረጋው የእንጨት መንገድ መንሸራሸር ግን በነጻ ነው። ከጎኑ ያሉት የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች የሆሊውድ ተዋንያን ስም ተጽፎባቸዋል። ደስ ይላል፣ ፎቶም ያምራል።

ትሩቪል ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ያ ጠባይዋ ዛሬም አልጠፋም። ጀልባዎቹ ወንዙ ዳር ይታሰራሉ፣ የዓሣ ገበያውም እዚያው ፊት ለፊት ነው። ዓሣውን መርጣችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ መብላት ትችላላችሁ። ዛጎል ያለው ነገር ለማንበላ ሰዎችም ሶልና ሌላ ዓሣ አለ። ረቡዕና እሑድ ገበያ ይውላል። ከወንዙ ጀርባ ያሉት መንገዶች ጠባብና ዳገታማ ስለሆኑ ከባድ ሻንጣ ወይም የሕፃን ጋሪ ያለው ሰው ማደሪያውን ታች ሜዳው ላይ ይያዝ። ሠዓሊው ሞኔ በ1870 የሣለው የትሩቪል ባሕር ዳርቻም እዚሁ ቅርብ ነው፤ ከገበያው በእግር ይደረሳል።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነው። ድልድዩ ሁሌም አለ፤ ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ትንሽ ጀልባ ታሻግራለች። ውኃው በሁለቱም በኩል በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ሲሸሽ በጣም ስለሚርቅ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ዶቪል ማደር የሚያዋጣው ለፈረስ ውድድር ወይም በሴፕቴምበር ለሚደረገው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ለሚመጣ ሰው ነው። ሌላው ሰው ቅዳሜና እሑድን ትቶ በሳምንቱ መሀል ይምጣ፤ ቅዳሜና እሑድ ፓሪስ ሁሉ እዚያ ነው።